በፖስትግሬስኪውኤል እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚመለከተውን መዝገብ ብቻ እንዲፈልግ ማድረግ

ሐኪሙ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «ከበደ» ብሎ ሲጽፍ በክሊኒኩ የተመዘገቡ ከበደዎች ሁሉ ሊመጡለት አይገባም፤ እሱ የሚከታተላቸው ብቻ እንጂ። አብዛኛው ፕሮግራመር ይህን ገደብ የሚያስቀምጠው ፍለጋውን በሚሠራው ኮድ ላይ ነው። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ) መጨረሻ ላይ አንዲት ዌር፣ ማለትም ረድፎችን የምታጣራ ሐረግ፣ ይጨምርና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከወራት በኋላ ሌላ ሰው ወደ ኤክሴል የሚያወጣ በተን ይጨምራል፤ ስም ሲተየብ የሚጠቁም ሳጥን ይገባል፤ ወርኃዊ ሪፖርት ይታዘዛል። ከእነዚህ በአንዱ ዌሯ ትረሳለች። ዝርዝሩ 12 ሰው ብቻ እያሳየ ከላዩ «1,240 ውጤት ተገኝቷል» የሚል ሲስተም ካጋጠመዎ፣ የተረሳችው ቆጠራው ላይ ነው።

ስለዚህ ገደቡ ዳታቤዙ ላይ ይቀመጥ። ፖስትግሬስኪውኤል ለዚህ ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ የሚባል አሠራር አለው፤ የገባው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በወጣው 9.5 ቨርዥን ነው። በአንድ ቴብል ላይ ከተበራ በኋላ ዝርዝሩም፣ ቆጠራውም፣ ሪፖርቱም በአንድ ፖሊሲ (የትኛው ረድፍ ለማን እንደሚታይ በሚወስን ደንብ) ተጣርቶ ነው የሚመለሰው። እዚህ የምንጠቀምበት ምሳሌ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ክሊኒክ ነው። የብድርና ቁጠባ ሲስተም የሚሠራ ሰው «ሐኪም» የሚለውን በብድር ኦፊሰር፣ «ታካሚ» የሚለውን በተበዳሪ ተክቶ ሊከተለው ይችላል። የጤና መረጃን የመረጥነው ስሕተቱ ስለሚከብድ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። የኤስኪውኤል ትእዛዞችን እዚህ በግዕዝ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ኪቦርዱ ላይ ግን እንደ ሰሌክትና ክሪኤት ያሉት የቋንቋው ቃላት በላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት። የቴብልና የኮለም ስሞችን በአማርኛ እንዳሉ መተው ይቻላል፤ ዳታቤዙ ዩቲኤፍ-8 እስከሆነ ድረስ ፖስትግሬስኪውኤል ይቀበላቸዋል። የአንድ ስም ርዝመት ግን ከ63 ባይት አይበልጥም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 21 ፊደል ማለት ነው። ከዚያ የረዘመውን ይቆርጠዋል።

1. ደንቡን በቃል ይጻፉ

ኮድ ከመንካትዎ በፊት ማን ምን እንደሚያይ በአንድ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። የእኛው ይህን ይመስላል። ሐኪም የተመደበለትን ታካሚና የዚያን ታካሚ ምርመራ ያያል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ የቅርንጫፉን ታካሚዎች ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ያያል፤ ምርመራ አያይም። ሥራ የለቀቀ ሰው ምንም አያይም። ተረኛ ሐኪም በድንገተኛ የመጣ ታካሚን መክፈት ይችላል፤ ግን ምክንያት ጽፎ፣ ለተወሰነ ሰዓት።

ቴብሎቹ አራት ናቸው፦

ሠራተኛ (መለያ, ስም, የሥራ_ድርሻ, ቅርንጫፍ, በሥራ_ላይ)
ታካሚ (መለያ, የካርድ_ቁጥር, ስም, የአባት_ስም, ስልክ, ቅርንጫፍ)
ምደባ (ታካሚ, ሠራተኛ, የጀመረበት, ያበቃበት, ምክንያት)
ምርመራ (መለያ, ታካሚ, ሠራተኛ, ቀን, ማስታወሻ)

የሁሉም ነገር ቁልፍ ምደባ የሚለው ቴብል ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ታካሚ ውስጥ «ሐኪም» የሚል አንድ ኮለም አስገብቶ መገላገል ያጓጓል፤ ነገር ግን ታካሚው ወደ ሌላ ሐኪም ሪፈር ሲጻፍለት፣ ወይም ሁለት ሐኪም አብረው ሲያዩት ኮለሙ አይበቃም። በዚያ ላይ ማን መቼ ያይ እንደነበር ታሪኩ ይጠፋል።

2. ሮሎቹን ይለዩ

ቢያንስ ሦስት ሮል (የራሱ ሥልጣን ያለው የዳታቤዝ መግቢያ) ይፍጠሩ። ክሊኒክ_ባለቤት ቴብሎቹንና ፈንክሽኖቹን የሚይዘው ነው። አፕሊኬሽኑ የሚገባበት ክሊኒክ_አፕ ነው፤ ሰሌክት፣ ኢንሰርትና አፕዴት ብቻ ይሰጠዋል። ክሊኒክ_ባክአፕ መጠባበቂያ ለሚወስደው ስክሪፕት ሲሆን ባይፓስአርኤልኤስ የሚለው፣ ፖሊሲን የሚያልፈው ሥልጣን ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ፖሊሲውን ጻፍኩ፣ ግን ሁሉም ሰው ሁሉን ያያል» ለሚል ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው እዚህ ነው። ሱፐርዩዘር ፖሊሲ አይነካውም። ባይፓስአርኤልኤስ ያለውም አይነካውም። የቴብሉ ባለቤትም ፎርስ (ባለቤቱንም አጣራ የሚለው ትእዛዝ፤ በ5ኛው ደረጃ ይመጣል) ካልተባለ በቀር አይነካውም። አፕሊኬሽኑ ፖስትግሬስ በሚባለው ነባር ሮል ወይም ቴብሉን በፈጠረው ሮል የሚገባ ከሆነ የጻፉት ሁሉ ለጌጥ ነው። አፕሊኬሽኑ በሚጠቀምበት ኮኔክሽን ገብተው ይህን ይጠይቁ፦

ሰሌክት ሮልሱፐር, ሮልባይፓስአርኤልኤስ ፍሮም ፒጂ_ሮልስ ዌር ሮልኔም = ከረንት_ዩዘር;

ሁለቱም «ኤፍ» (ፎልስ) ማለት አለባቸው።

3. ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ለዳታቤዙ ይንገሩ

አፕሊኬሽኑ ለሁሉም ሰው በአንድ ሮል ስለሚገባ ዳታቤዙ ከጀርባው ያለውን ሰው አያውቅም። በየትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞች ጥቅል) መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይነገረዋል፦

ቢጊን;
ሰሌክት ሴት_ኮንፊግ('አፕ.ሠራተኛ', '17', ትሩ);
-- የገጹ ኩዌሪዎች እዚህ ይገባሉ
ኮሚት;

ሦስተኛዋ ትሩ ዋናዋ ነገር ናት። ቁጥሩ ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ አብሮ እንዲጠፋ የምታደርገው እሷ ናት። ፎልስ ከተባለ ቁጥሩ ኮኔክሽኑ ላይ ይቀራል፤ ፒጂባውንሰርን የመሰለ፣ ኮኔክሽኖችን ለብዙ ሰው የሚያጋራ ፑል ኮኔክሽኑን ለሚቀጥለው ሰው ሲያቀብል አዲሱ ሰው በ17 ቁጥር ዓይን ያያል። ስሕተቱ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ አይታይም፤ ብቻዎን ነዎትና። የሚታየው ሥራ በበዛበት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ያኔም «አንዳንዴ የሌላ ሰው ታካሚ ይመጣብኛል» በሚል ግራ የሚያጋባ ቅሬታ መልክ ይመጣል።

በጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ለሚሠሩ አንድ ወጥመድ አለ። አቶሚክ_ሪኩዌስትስ ትሩ ቢሆንም ትራንዛክሽኑ የሚያቅፈው ቪውን (ገጹን የሚያዘጋጀውን ኮድ) ብቻ ነው፤ ሚድልዌሩ (ከቪው በፊትና በኋላ የሚሄደው ኮድ) ከውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሴት_ኮንፊግን ሚድልዌር ውስጥ እንዲሁ ከጠሩት ቁጥሩ ወዲያው ይጠፋና ገጹ ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ሚድልዌሩ ራሱ ትራንዛክሽን.አቶሚክ ከፍቶ፣ ቁጥሩን አስገብቶ፣ ጌት_ሪስፖንስን እዚያው ውስጥ እንዲጠራ ማድረግ ነው። አቶሚክ_ሪኩዌስትስን አያጥፉት፤ ቪው ውስጥ ስሕተት ሲፈጠር የተጻፈውን የሚመልሰው የውስጠኛው ሴቭፖይንት ነው። ላራቬል ላይም ሐሳቡ ያው ነው፤ ሚድልዌሩ ዲቢ ትራንዛክሽን ውስጥ ይግባ። በሴለሪ ወይም በሌላ ወረፋ የሚሄዱ የጀርባ ሥራዎችም ቁጥሩን ራሳቸው ማስገባት አለባቸው፤ ካላስገቡ ዜሮ ረድፍ ያገኛሉ።

ቁጥሩን የሚያነበው ፈንክሽን ይህ ነው፦

ክሪኤት ፈንክሽን የአሁኑ_ሠራተኛ() ሪተርንስ ኢንት
ላንጉጅ ኤስኪውኤል ስቴብል
አዝ $$ ሰሌክት ነልኢፍ(ከረንት_ሴቲንግ('አፕ.ሠራተኛ', ትሩ), '')::ኢንት $$;

ነልኢፍ ለምን? ቁጥሩ በኮኔክሽኑ ላይ ጭራሽ ገብቶ የማያውቅ ከሆነ ከረንት_ሴቲንግ ነል (ዋጋ የለም ማለት ነው) ይመልሳል። አንድ ጊዜ ገብቶ ትራንዛክሽኑ ካለቀ በኋላ ግን የሚመልሰው ነል ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ ነው። ባዶ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ስሕተት ይፈጥራል። ነልኢፍን የተወ ሰው አዲስ ኮኔክሽን ላይ የሚሠራ፣ ያገለገለው ላይ የሚወድቅ ሲስተም ይኖረዋል፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ቀኑን ሙሉ ይደክማል። ውጤቱ ነል ሲሆን ግን ምንም ረድፍ አይመጣም። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ባዶ ገጽ ይየው።

4. ረዳት ፈንክሽኖቹን ይጻፉ

ፖሊሲው ውስጥ በቀጥታ ምደባን መጠየቅ ይቻላል፤ ቀላል ሲስተም ላይ ያስኬዳል። ችግሩ የሚጀምረው ምደባም የራሱ ፖሊሲ ሲኖረውና ያ ፖሊሲ ተመልሶ ታካሚን ሲጠይቅ ነው። ለምሳሌ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የቅርንጫፉን ታካሚዎች ምደባ ብቻ እንዲያይ ሲፈለግ። ያኔ ታካሚ ምደባን፣ ምደባ ታካሚን እየጠራ ይዞርና ፖስትግሬስኪውኤል በፖሊሲው ውስጥ ማለቂያ የሌለው ዙር እንዳለ ተናግሮ ያቆማል። ስለዚህ ግንኙነቱን የሚያጣራ አንድ ፈንክሽን በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሄድ (ሴኩሪቲ ዲፋይነር የሚለው ይህን ነው) ያድርጉ፦

ክሪኤት ፈንክሽን የማያቸው_ታካሚዎች() ሪተርንስ ሴትኦፍ ኢንት
ላንጉጅ ኤስኪውኤል ስቴብል ሴኩሪቲ ዲፋይነር
ሴት ሰርች_ፓዝ = ፐብሊክ, ፒጂ_ቴምፕ
አዝ $$
ሰሌክት ታካሚ ፍሮም ምደባ
ዌር ሠራተኛ = የአሁኑ_ሠራተኛ()
ኤንድ (ያበቃበት ኢዝ ነል ኦር ያበቃበት > ናው())
$$;

በተመሳሳይ መንገድ ሁለት ፈንክሽን ይጨምሩ። የካርድ_ክፍል_ቅርንጫፍ() ሰውየው ካርድ ክፍል ከሆነ ቅርንጫፉን፣ ካልሆነ ነል ይመልሳል። በሥራ_ላይ_ነው() ደግሞ ትሩ ወይም ፎልስ ይመልሳል።

የሰርች_ፓዝ መስመሯን አይዝለሉ። ፈንክሽኑ በባለቤቱ ሥልጣን ስለሚሄድ፣ አንድ ሰው በሌላ ስኪማ «ምደባ» የሚል የራሱን ቴብል ፈጥሮ ፈንክሽኑን ሊያሳስተው ይችላል። ደግሞም ምደባና ሠራተኛ ላይ ሮው ሌቭል ሴኩሪቲን ያብሩ እንጂ ፎርስ አይበሉ። ፎርስ ከተባለ ባለቤቱም በፖሊሲ ይጣራል፤ ያኔ ፈንክሽኑ እንደ ባለቤት ቢሄድም ዙሩ ይመለሳል።

5. ፖሊሲዎቹ

ኦልተር ቴብል ታካሚ ኢኔብል ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ;
ኦልተር ቴብል ታካሚ ፎርስ ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ;
ኦልተር ቴብል ምርመራ ኢኔብል ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ;
ኦልተር ቴብል ምርመራ ፎርስ ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ;

ይህን ካስገቡበት ቅጽበት ጀምሮ ፖሊሲ እስኪጻፍ ድረስ ቴብሎቹ ባዶ መስለው ይታያሉ። የስሕተት መልእክት የለም፤ ረድፍ ብቻ የለም። በሥራ ላይ ባለ ሲስተም ላይ ከሆነ ማብራቱንም ፖሊሲውንም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ያስገቡ።

ክሪኤት ፖሊሲ ሐኪም_ያያል ኦን ታካሚ ፎር ሰሌክት
ዩዚንግ (መለያ = ኤኒ(ኤሬይ(ሰሌክት የማያቸው_ታካሚዎች())));

ክሪኤት ፖሊሲ ካርድ_ክፍል_ያያል ኦን ታካሚ ፎር ሰሌክት
ዩዚንግ (ቅርንጫፍ = (ሰሌክት የካርድ_ክፍል_ቅርንጫፍ()));

ክሪኤት ፖሊሲ ሐኪም_ያያል ኦን ምርመራ ፎር ሰሌክት
ዩዚንግ (ታካሚ = ኤኒ(ኤሬይ(ሰሌክት የማያቸው_ታካሚዎች())));

ፈንክሽኖቹ ሰሌክት ውስጥ መግባታቸው ለውበት አይደለም። እንዲህ ሲጻፉ ፖስትግሬስኪውኤል ኩዌሪው ሲጀምር አንዴ ያሰላቸውና ውጤቱን ይዞ ይቀጥላል። ያለ ሰሌክት «ቅርንጫፍ = የካርድ_ክፍል_ቅርንጫፍ()» ቢሉ ፈንክሽኑ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሊጠራ ይችላል፤ 40,000 ታካሚ ባለበት ቴብል 40,000 ጊዜ። ኤኒ(ኤሬይ(...)) ደግሞ የመለያው ኢንዴክስ እንዲሠራ ያስችላል። አንድ ሐኪም ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺሕ ታካሚ እስካለው ድረስ ይህ አጻጻፍ ፈጣን ነው።

ምርመራ ላይ ፈተና አለ። «ታካሚውን ማየት የሚችል ምርመራውንም ይይ» ብሎ ኤግዚስትስ (ሰሌክት 1 ፍሮም ታካሚ ...) መጻፍ አጭር ነው፤ ብዙ ቦታም ይመከራል። ነገር ግን በፖሊሲ ውስጥ ያለ ኩዌሪ ራሱ በዚያ ቴብል ፖሊሲ ይጣራል። ታካሚን ደግሞ ካርድ ክፍልም ያያል። ስለዚህ በዚያች አጭር መስመር የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የጎረቤቱን የኤችአይቪ ውጤት ያነባል። የምርመራው ፖሊሲ በቀጥታ ምደባ ላይ ይደገፍ።

ሁለት ፖሊሲ በአንድ ቴብል ላይ ሲኖር የሚያያዙት በ«ወይም» ነው። ሁለተኛ ፖሊሲ በመጨመር የመጀመሪያውን አጠበባለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው በተቃራኒው ያሰፋዋል። ለማጥበብ ከ10 ቨርዥን ጀምሮ ያለውን ሪስትሪክቲቭ ይጠቀሙ፤ ይህኛው በ«እና» ይያያዛል፦

ክሪኤት ፖሊሲ የለቀቀ_አያይም ኦን ታካሚ አዝ ሪስትሪክቲቭ
ዩዚንግ ((ሰሌክት በሥራ_ላይ_ነው()));

ምርመራ ላይም ይድገሙት። ሪስትሪክቲቭ ብቻውን ግን ምንም አያሳይም፤ የሚፈቅድ ቢያንስ አንድ ተራ ፖሊሲ ከጎኑ ያስፈልገዋል።

ለመጻፍ የሚሆኑት ፖሊሲዎች ዊዝ ቼክ ይይዛሉ። ዩዚንግ ነባሩን ረድፍ፣ ዊዝ ቼክ የሚገባውን ወይም ከተለወጠ በኋላ ያለውን ረድፍ ይፈትሻል፦

ክሪኤት ፖሊሲ ካርድ_ክፍል_ይመዘግባል ኦን ታካሚ ፎር ኢንሰርት
ዊዝ ቼክ (ቅርንጫፍ = (ሰሌክት የካርድ_ክፍል_ቅርንጫፍ()));

ለአፕዴትና ለምርመራ ኢንሰርትም እንዲሁ ይጻፉ። ሁለቱ ሲጣሱ የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል። የማይታይ ረድፍ ለማስተካከል የሞከረ ሰው ስሕተት አይደርሰውም፤ «አፕዴት 0» ብቻ ነው የሚመለሰው። ዊዝ ቼክን የጣሰ ግን አዲሱ ረድፍ ፖሊሲውን እንደጣሰ የሚገልጽ ስሕተት ይደርሰዋል። አፕሊኬሽንዎ የተለወጠውን የረድፍ ብዛት የማያይ ከሆነ ለተጠቃሚው «ተቀምጧል» እያለ ይዋሻል።

ሌላ የሚያደናግር ነገር ሪተርኒንግ ነው። ኢንሰርት ካደረጉ በኋላ መለያውን መልሶ የሚጠይቅ ኩዌሪ የሰሌክት ፖሊሲውንም ማለፍ አለበት። ሐኪም ገና ያልተመደበለትን ታካሚ እንዲመዘግብ ከፈቀዱለት፣ ኢንሰርቱ ብቻውን ያልፋል፤ ሪተርኒንግ ሲጨመርበት ይወድቃል። ብዙዎቹ ኦአርኤሞች (ኤስኪውኤሉን በእርስዎ ፈንታ የሚጽፉ ላይብረሪዎች) ሪተርኒንግን ሳይነግሩዎ ይጨምራሉ። ምዝገባውንና ምደባውን አብሮ የሚሠራ ፈንክሽን መጻፍ ይሻላል።

6. ምደባን ይጠብቁ፤ ለድንገተኛም በር ይተዉ

ሐኪሙ ምደባ ላይ ራሱ ረድፍ መጨመር ከቻለ ሁሉንም ታካሚ መክፈት ይችላል። ኢንሰርቱን ለካርድ ክፍል ብቻ ይፍቀዱ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ ግን ካርድ ክፍል ላይኖር ይችላል። ለዚህ ድንገተኛ_መክፈቻ የሚባል የሴኩሪቲ ዲፋይነር ፈንክሽን ይጻፉ። የካርድ ቁጥርና ምክንያት ይቀበላል፤ ምክንያቱ ባዶ ከሆነ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ያበቃበት የሚለውን ናው() + ኢንተርቫል '12 ሰዓት' አድርጎ ምደባ ውስጥ አንድ ረድፍ ያስገባል። ታካሚ ላይ ፎርስ ስላለ ይህ ፈንክሽንም ይጣራል፤ ታካሚውን በካርድ ቁጥሩ እንዲያገኘው ታካሚ ላይ ለክሊኒክ_ባለቤት ብቻ ሁሉን የሚያሳይ የሰሌክት ፖሊሲ ይጨምሩ። ኢንተርቫሉ ውስጥ «ሰዓት» የሚለው በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ፖስትግሬስኪውኤል የአማርኛውን አያውቀውም። በስም ፍለጋ የሚከፍት አያድርጉት። በካርድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ሰውየው ወይም ቤተሰቡ ካርዱን ይዘው መምጣታቸው ራሱ ማረጋገጫ ይሆናል፤ ሥራ የፈታ ሰው ስም እየተየበ እንዲያስስም አያመችም። የተከፈቱትን ለክሊኒኩ ኃላፊ በየጠዋቱ የሚያሳይ ዝርዝር ይኑር። ያለዚያ በሩ የድንገተኛ መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ይሆናል።

7. የአማርኛ ስም ፍለጋ፣ ከፖሊሲው ጋር

እዚህ ላይ ሁለት ችግር ይገናኛል። አንደኛው የታወቀው ነው፤ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ አንድ ስም ናቸው፤ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ሁለተኛው የፍጥነት ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ፖሊሲ ባለበት ቴብል ላይ፣ መረጃ እንደማያሾልኩ ምልክት ያልተደረገላቸውን ፈንክሽኖችና ኦፕሬተሮች ከፖሊሲው በፊት እንዲሄዱ አይፈቅድም። ላይክ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ትራንስሌትም። ስለዚህ ለላይክ ብለው የሠሩት የትራይግራም ኢንዴክስ (ጽሑፉን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ የሚይዝ) በሱፐርዩዘር ሲሞከር ይበራል፤ በአፕሊኬሽኑ ሮል ግን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። 300 ታካሚ ላለው ሐኪም ይህ ምንም አይደለም፤ ፖሊሲው ወደ 300 ካወረደው በኋላ ላይክ ቢፈትሸው አይታወቅም። ቅርንጫፍ ሙሉ ለሚያየው ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ግን በየፊደሉ መጠበቅ ይሆንበታል።

ሁለቱንም በአንድ ኮለም መፍታት ይቻላል። ከ12 ቨርዥን ጀምሮ ያለውን ራሱን የሚሞላ ኮለም ይጠቀሙ፦

ኦልተር ቴብል ታካሚ አድ ኮለም ስም_ለፍለጋ ቴክስት ኮሌት "ሲ"
ጄኔሬትድ ኦልዌይስ አዝ (ትራንስሌት(ስም,
'ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሃሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖኣፀፁፂፃፄፅፆ',
'ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሀሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦአጸጹጺጻጼጽጾ')) ስቶርድ;

ክሪኤት ኢንዴክስ ኦን ታካሚ (ስም_ለፍለጋ);

በሁለቱም መስመር 37 ፊደል አለ፤ ይቁጠሩት። የሁለተኛው መስመር ካነሰ ትራንስሌት ተመጣጣኝ ያጣውን ፊደል ይሰርዘዋል እንጂ አያስጠነቅቅም። አንድ ፊደል ከመጨረሻው ቢጎድል ፆ ያለበት ስም ሁሉ ያቺን ፊደል ያጣል፤ ከመሐል ቢጎድል ደግሞ ከዚያ በኋላ ያሉት በሙሉ አንድ ቦታ ተንሸራተው ይተረጎማሉ። የአባት ስምም ተመሳሳይ ኮለም ይፈልጋል።

ፍለጋውን በላይክ ፈንታ በመጀመሪያና በመጨረሻ ወሰን ያድርጉት። የጽሑፍ እኩልነትና መበላለጥ ኦፕሬተሮች እንደማያሾልኩ ምልክት የተደረገባቸው ስለሆኑ ኢንዴክሱ ይሠራል። ሰውየው «ከበ» ብሎ ከጻፈ፦

ዌር ስም_ለፍለጋ >= 'ከበ' ኤንድ ስም_ለፍለጋ < 'ከቡ'

በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደላት በቤታቸው ተራ ነው የተደረደሩት፤ ከ«በ» ቀጥሎ «ቡ» ነው። ስለዚህ የላይኛውን ወሰን ለማግኘት የመጨረሻዋን ፊደል ኮድ በአንድ መጨመር ይበቃል። ከበደ፣ ከበቡሽ፣ ከበረ ይመጣሉ። ኮሌት "ሲ" የተባለው ይህ ተራ እንዲጠበቅ ነው፤ በሌላ ኮሌሽን (የፊደል አደራደር ደንብ) ወሰኑ ሊፈርስ ይችላል። ተጠቃሚው የተየበውንም በዚያው ትራንስሌት ያሳልፉት፤ «ኃይ» መጀመሪያ «ሀይ» ይሁን፣ ከዚያ ወሰኑ «ሀዮ» ይሆናል።

ምደባ ላይ (ሠራተኛ, ታካሚ)፣ ታካሚ ላይ (ቅርንጫፍ)፣ ምርመራ ላይ (ታካሚ) ኢንዴክስ ይኑር። ኤክስፕሌይን አናላይዝ ሲያስኬዱ በክሊኒክ_አፕ ሮል ሆነው፣ ቁጥሩን አስገብተው ይሁን። በሱፐርዩዘር የሚያዩት ፕላን ፖሊሲ የሌለበት ስለሆነ ምንም አይነግርዎትም።

8. ፖሊሲው የማይደርስባቸው ቦታዎች

የዳታቤዝ ቪው (ስም ተሰጥቶት እንደ ቴብል የሚጠየቅ ኩዌሪ) የሚያነበው በፈጣሪው ሥልጣን ነው። ሱፐርዩዘር ሆነው የፈጠሩት ቪው ሁሉን ለሁሉም ያሳያል። ከ15 ቨርዥን ጀምሮ ዊዝ (ሴኩሪቲ_ኢንቮከር = ትሩ) ብለው ይፍጠሩት። ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ ተሰልቶ የተቀመጠ ቪው) ግን ፖሊሲ ጭራሽ አይቀበልም፤ ለክሊኒክ_አፕ የማንበብ ፈቃድ አይስጡበት።

የዩኒክ ገደብና የፎሪን ኪ ምርመራ ፖሊሲ አያውቁም። ስልክ ዩኒክ ከሆነ፣ የሌላ ቅርንጫፍ ታካሚ ስልክ ያስገባ ሰው «ይህ ቁጥር አለ» የሚል ስሕተት ያገኛል፤ በዚህም ሰውየው በክሊኒኩ መታከሙን ያውቃል። ለነገሩ ስልክ ዩኒክ መሆን የለበትም፤ እናት በአንድ ስልክ አራት ልጆቿን ታስመዘግባለች።

ሬዲስ ውስጥ ያስቀመጡት የፍለጋ ውጤት፣ ኢላስቲክሰርች ውስጥ የገባ ቅጂ፣ ዲስክ ላይ የተቀመጠ የኤክሴል ፋይል፤ እነዚህ ከዳታቤዙ ከወጡ ወዲያ ፖሊሲው አያገኛቸውም። የካሽ ቁልፉ ውስጥ የሠራተኛው መለያ መግባቱን ያረጋግጡ።

ገደቡን በልኩ ማወቅም ያስፈልጋል። አፕ.ሠራተኛ የሚለውን ቁጥር ኤስኪውኤል መላክ የቻለ ማንም ሊለውጠው ይችላል። አፕሊኬሽኑ ላይ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (አጥቂ የራሱን ኤስኪውኤል የሚያስገባበት ቀዳዳ) ካለ አጥቂው ራሱን 18 ቁጥር አድርጎ ይጠይቃል። ይህ አሠራር የተረሳን ዌር ያድናል፤ የተከፈተን ቀዳዳ አይደፍንም።

9. ሙከራ

የሙከራ ፋይሉን ሱፐርዩዘር ሆነው ያስኪዱ፤ በየሙከራው ግን ሮሉን ይቀይሩ፦

ቢጊን;
ሴት ሎካል ሮል ክሊኒክ_አፕ;
ሰሌክት ሴት_ኮንፊግ('አፕ.ሠራተኛ', '17', ትሩ);
ሰሌክት ካውንት(*) ፍሮም ታካሚ;
ሮልባክ;

ቁጥሩ ሳይገባ ውጤቱ 0 መሆን አለበት። በሐኪም ቁጥር የተመደቡለት ብቻ ይቆጠሩ። በካርድ ክፍል ቁጥር ታካሚ የቅርንጫፉ ያህል፣ ምርመራ 0 ይሁን። የሌላን ሐኪም ታካሚ መለያ በቀጥታ ጠርቶ አፕዴት ሲደረግ «አፕዴት 0»፤ በሌላ ቅርንጫፍ ስም ሲመዘገብ ስሕተት። የምደባው ጊዜ ያለፈበት ሐኪምና ሥራ የለቀቀ ሠራተኛም ይሞከሩ። አዲስ ቴብል በተጨመረ ቁጥር ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ የተበራበት መሆኑን የሚያይ አንድ መስመርም ይጨምሩ፤ ፒጂ_ክላስ ውስጥ ሬልሮውሴኩሪቲ የሚለው ኮለም ይናገራል።

10. ማይግሬሽንና መጠባበቂያ

ፎርስ ስላልን ማይግሬሽኑ (የዳታቤዙን አወቃቀር ወይም ዳታ የሚለውጠው ስክሪፕት) በባለቤቱ ሮል ሲሄድ እሱም ይጣራል። «የስልክ ቁጥሮችን ሁሉ በ+251 አስጀምር» የሚል አፕዴት ያለ ስሕተት 0 ረድፍ ለውጦ ያልፋል፤ ማይግሬሽኑም እንደተሳካ ይመዘገባል። ዳታ በሚነካ ማይግሬሽን ውስጥ፣ በዚያው ትራንዛክሽን መጀመሪያ ላይ ኖ ፎርስ፣ መጨረሻ ላይ ፎርስ ይበሉ።

ፒጂ_ደምፕ በነባሩ አኳኋኑ ሮው_ሴኩሪቲን አጥፍቶ ነው የሚነሳው። የሚገባበት ሮል ባይፓስአርኤልኤስ ከሌለው ኩዌሪው በፖሊሲ ሊጣራ መሆኑን ተናግሮ ይቆማል። ይህ መከላከያ ነው፤ ግማሹ የጎደለ መጠባበቂያ ሙሉ መስሎ እንዳይቀመጥ። ስሕተቱን ለማለፍ ብለው ኢኔብል-ሮው-ሴኩሪቲ የሚለውን አማራጭ ከጨመሩ፣ ያ ሮል የሚያየውን ብቻ፣ ምናልባትም ባዶ ቴብል፣ ይዘው ይወጣሉ። ክሊኒክ_ባክአፕን ይጠቀሙ። ፖሊሲዎቹ ከቴብሉ ጋር አብረው ይወጣሉ፤ ሮሎቹ ግን አይወጡም፤ በፒጂ_ደምፕኦል ግሎባልስ-ኦንሊ ለብቻ ይወሰዳሉ። በአዲስ ሰርቨር ላይ ሲመልሱ ሮሎቹ ይቅደሙ፣ ከዚያ ዳታው፣ ከዚያ በ9ኛው ደረጃ የጻፉት የሙከራ ፋይል፤ አፕሊኬሽኑ የሚከፈተው ያ ካለፈ በኋላ ነው።